ገደብ የሌለው እረፍት ይዘን ወደ ጉቴ

ወደ ወለጋ የሄድኩት ለልመና ነው። በጡረታው ዘመን ጎዳና ወጣ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የለመንኩት የሰው ልጅ ነው፣ ያውም ለሌላ ሰው። ለራሴማ ቢሆን በዚህ ዕድሜዬ የሚሰጠኝ ቢገኝ ምርኩዝ ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት መቀመጥ አላስችል ብሎኝ፣ ጥቂት ወጣቶች ገርጂ በተከራዩት ቤት ውስጥ የከፈቱት ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። ስታርትአፕ ይሉታል። ባለሱቆች ዘይትና ሳሙና በስልክ የሚያዙበት ነገር ይሠራሉ። የእኔ የሥራ ድርሻ ሽበት ነው፤ ወረዳም ግብር ቢሮም ሲኬድ «ከልጆቹ ጋር አንድ ትልቅ ሰው አለ» እንዲባል ከፊት እቆማለሁ። ዱሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የፈቃድ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሰው የዓመት እረፍቱን ሊጠይቅ ሲመጣ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህ የድርጅቱ ባለቤት ናሆም፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ልጅ፣ ከውጭ አገር ድርጅቶች ያገኘውን ደንብ ሲያሳየኝ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ማንኛውም ሠራተኛ በፈለገ ጊዜ፣ የፈለገውን ያህል ያርፋል ይላል። ገደብ የለውም። እኔ በጥሩ አማርኛ ጽፌ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ከልጆቹ አንዱ ገመቹ ይባላል፤ የቢላ ልጅ ነው። ሲስተሙ ሲታመም የሚያክመው እሱ ብቻ ነው። ነቀምቴ አብራው የተማረች ቦንቱ የምትባል ልጅ ይወዳል፤ አሁን ጉቴ መምህርት ናት። አባቷ ግን ቃል ልከዋል፦ ልጁ ራሱ ካልመጣ ሽማግሌ አልቀበልም። ገመቹ ደግሞ ከተቀጠረ ጀምሮ አንድም ቀን ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያውቅም። ወላጆቹ በሕይወት የሉም፤ ያሳደገው አጎቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎደለና «ጋሼ ይልማ፣ አብረውኝ ይሂዱ» አለኝ። ሙሉ ልብሴን አስተኮስኩ።

እሮብ

ከአስኮ በጠዋት ተነሳን። እኛ ቦሌ በኩል የምንኖር ሰዎች አዲስ አበባ አስኮ ላይ የምታልቅ ይመስለናል፤ ለወለጋ ሰው ግን የምትጀምረው እዚያ ነው። መስኮቱን ለእኔ ለቀቀልኝና ገመቹ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ሆለታ ሳንደርስ ስልኩ ጮኸ፤ ቢሮ ነው።

«አቤት ሜሪ። ... እሺ፣ አጥፍተሽ አብሪው። ... በቃ? ጎበዝ።»

ጊንጪ ላይ እንደገና፤ አምቦ ቁርስ ስንበላ ሁለት ጊዜ። መልሱ ያው ነው፦ አጥፍተሽ አብሪው። ለዚህ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባው ብዬ በሆዴ አሰብኩ። እኔም መሥሪያ ቤት ሳለሁ ያወቅኩት ነገር አንድ ነበር፦ «ነገ ይመለሱ»።

ጌዶ ላይ አንዲት እናት ተሳፈሩ። ለልጃቸው ቅቤ በኮባ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ከራሴ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ጌዶ ብርድ ነው፣ ማን ምን ይላል። ቁልቁል ወደ ባኮ ስንወርድ ግን ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበለን። እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ትከሻዬን ሲረጥበኝ ላብ መስሎኝ ዝም አልኩ። በኋላ ሽታው አነቃኝ። ግራ ትከሻዬ፣ ኪሴ፣ የሸሚዜ ኮሌታ ሁሉ ቅቤ ጠጥቷል።

ሴትዮዋ አዩና «ዋይ፣ ዻዻ ኮ!» ብለው ጮኹ። ቅቤዬን ማለታቸው ነው። ያዘኑት ለቅቤያቸው እንጂ ለኮቴ አልነበረም፤ አልፈረድኩባቸውም፣ ከኮቴ ቅቤው ይወደዳል። ከኋላ አንዱ፣

«አባባ፣ ሙሽራው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የተቀባ ሰው ምን ምርጫ አለው?

አኖ ላይ የገመቹ አጎት ኦቦ ኢተፋ ከቢላ መጥተው መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ገበሬ ናቸው። ልጁን አቅፈው ትከሻውን ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው።

«ከስተሃል። እዚያ ምግብ የለም?»

«ሥራ በዝቶ ነው፣ ዋሲላ።» አጎቴ ማለት ነው።

«ሥራ እኛም ጋ አለ። በሬ እንኳ ሲመሽ ይፈታል።»

ገመቹ መልስ ሊሰጥ ሲል ስልኩ ጠራ። ኦቦ ኢተፋ እኔን አዩኝ። እኔ ቅቤዬን አየሁ።

አመሻሹ ላይ ነቀምቴ ገባን። የኦቦ ኢተፋ ወዳጅ ኦቦ ቶለራ ትንሽ ሆቴል አላቸው። በር ላይ «አከም ጅርቱ? ደህና መጣችሁ? አልጋውን ነው መጀመሪያ ወይስ ምግቡን?» ብለው በአንድ ትንፋሽ በሁለት ቋንቋ ተቀበሉን። እኛ ሰፈር ሆቴል ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው መታወቂያ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያጠናኋትን አንዲት የኦሮምኛ ሰላምታ ስወረውር፣ ኦቦ ቶለራ ደስ ብሏቸው በኦሮምኛ ረጅም ነገር ያወሩኝ ጀመር። አንዱም አልገባኝም፤ ግን ላለማፈር ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። በኋላ ገመቹ እንደነገረኝ፣ እሺ ያልኩት እሳቸው ነገ አብረውን ሦስተኛ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱ ነበር። እንዲህ ያለ ጥሩ ውሳኔ እያወቅሁ ወስኜ አላውቅም።

ኮቴን ባለቤታቸው በሙቅ ውሃና በሳሙና ቢፈትጉትም ቅቤው አልለቅ አለ። ኦቦ ቶለራ የራሳቸውን አወጡልኝ። እሳቸው የግንብ ያህል ናቸው። እጄ ከእጅጌው ውስጥ ጠፋ፤ ትከሻው ክርኔ ላይ ወረደ።

«ያምርብዎታል» አሉኝ።

«ለሁለት ሰው ይሆናል።»

«ታዲያ ሌላውን ሰው እግዜር ይጨምርልዎ።»

ሐሙስ

ጉቴ ከነቀምቴ ቅርብ ናት፤ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። የቦንቱ አባት ኦቦ ዲንሳ በጡረታ ያሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አቮካዶ፣ ቡና፣ የተጠረገ መንገድ። ወግ ነውና ሦስታችንም ደጃፉ ላይ ቆምን፤ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አልን።

«ተቀመጡ» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «የእኚህ የአዲስ አበባው ሰው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ኮታቸውም አብሮ ይወዛወዛል።»

ተቀመጥን። ገመቹ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ኦቦ ኢተፋ ስለ ዘር ተናገሩ፣ ኦቦ ቶለራ ስለ ጠባይ ተናገሩ። የእኔ ድርሻ ስለ ሥራው መናገር ነበር። ይህችን ንግግር ከአስኮ ጀምሮ ሳመላልሳት ነበር፤ ጉዳዩን የምትጨርስልን እሷ ናት ብዬ ነበር። ጨረሰችብን።

«ልጃችን የሚሠራበት ድርጅት ከሌሎች ይለያል» አልኩ። «እዚያ ሠራተኛ የፈለገውን ያህል ያርፋል። ገደብ የለውም።»

ኦቦ ዲንሳ ጎንበስ አሉ። «በዓመት ስንት ቀን ማለት ነው?»

«ቁጥር የለውም።»

«ቁጥር የለውም። ጥሩ። ገመቹ ከዚህ ቁጥር ከሌለው ውስጥ ስንት ወሰደ?»

ገመቹ የበለጠ አቀረቀረ። እኔ ደግሞ ውሸት ቢመጣልኝ እናገር ነበር፤ አልመጣልኝም።

«ይህ ጉዞ የመጀመሪያው ነው» አልኩ።

«ኦቦ ይልማ፣ እኔ ዳይሬክተር ሳለሁ የመምህሩ እረፍት ይታወቅ ነበር። የሚታወቅ ነገር ይጠየቃል፣ ካልተሰጠም ይከሰሳል። ገደብ የሌለው ነገር ግን የማነው? ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ማንም አጥር የለውም፣ ማንም ቤት የለውም።»

እንግዲህ በፈቃድ ጉዳይ ሽበት ያበቀልኩት እኔ ነኝ፤ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ሆኑ። ይባስ ብሎ የገመቹ ስልክ ጮኸ። ዘጋው። ጮኸ። ሦስተኛው ላይ «ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ» ብሎ ወጣና አቮካዶው ሥር ቆመ። በክፍቱ በር ድምፁ ገባ፦ «አጥፍተሽ አብሪው።»

የቦንቱ እናት አዴ ሶሬቲ አንቾቴ ይዘው ገቡ። ለማታውቁት፣ ሥራ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ በቅቤና በሚጥሚጣ ለክብር እንግዳ ይቀርባል። ከኛ ድንች ጋር ዝምድና አለው ቢባል ድንቹ ይኮራል። ትሪውን አስቀምጠው ደጅ ደጁን ተመለከቱ።

«የመጀመሪያ ልጄም አዲስ አበባ ነው ያገባችው» አሉ። «ጥሩ ሰው ነው ባሏ። እኔ አምና ታምሜ ስተኛ ልጄ ጨቅላዋን አዝላ ብቻዋን በአውቶቡስ መጣች። ባልሽስ? አልኳት። ሥራ ላይ ነው አለች። ለበዓልም ብቻዋን ነው የምትመጣ። አይመታትም፣ አይሰድባትም፤ ብቻ የለም። እንግዲህ የሌለን ሰው ምን ብዬ ልውቀስ?»

ገመቹ ሲመለስ ማንም ሰው ቀና ብሎ አላየውም።

«ለሁለተኛዋ ይህን አልደግመውም» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ልጁን አልጠላሁትም። ነገ ተመለሱ፤ ግን የሚጨበጥ ነገር ይዛችሁ ኑ። ካልሆነ በሰላም እንለያያለን።»

አንቾቴውን በላን። እንዲህ ያለ ግሩም ምግብ እንዲህ በከበደ ሆድ በልቼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ ሳዝን ይርበኛል።

ሆቴል ደርሰን ናሆም ጋ ደወልኩ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን አራታችንም ከበብነው።

«ጋሼ፣ እኔ መች ከለከልኩት? ይውሰድ እንጂ!»

«ሌሎቹስ ወስደዋል?»

«እ... አልወሰዱም። ማን ከለከላቸው?»

«አንተስ?»

«እነሱ ሳያርፉ እኔ እንዴት አርፋለሁ? ነውር አይደለም?»

ከኋላው ሜሪ፣ የሂሳብና የስልክ ሠራተኛዋ፣ ጮኸች፦ «እሱ ሳያርፍ እኛ እንዴት ብለን እንጠይቅ?»

አሁን ገባኝ። ይህች እረፍት ትሪ ላይ የቀረችዋ የመጨረሻ ሥጋ ናት። ሁሉም «አንተ ብላ፣ አንቺ ብዪ» ሲባባል ድመት ትበላታለች። ፈረንጅ ደንቡን ሲጽፍ ይሉኝታ የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማም፤ እኔ ግን አብሬው አድጌ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

«እንግዲያው ሁላችሁም አንድ ላይ ዝጉ» አልኩ።

መቼ? ሲባል ጦርነት ሆነ። ሜሪ ለፋሲካ አለች። ሰሚራ የምትባለዋ ልጅ ከረመዳን መጨረሻ ወዲያ አልሰማም አለች። ገመቹም ከዚህ ሆኖ «ለገና ነው እንጂ» ሲል፣ አሁን ማግባቱን ትቶ መከራከር ጀመረ። ናሆም መጨረሻ ላይ «በቃ፣ ለገመቹ ሁለት ሳምንት ብለው ይንገሯቸው፤ ሌላውን በኋላ እናያለን» ብሎ ዘጋ። «በኋላ እናያለን» የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ። አሳድጌያታለሁ።

ዓርብ

ሁለት ሳምንታችንን ይዘን ጉቴ ገባን። ኦቦ ዲንሳ ሰምተው ጥቂት አሰቡ።

«በስልክ ነው ያለ ስልክ?»

አየነው ገመቹን። «ሲስተሙ ከቆመ ... የሚያውቀው ሌላ ሰው ...» አለና ተወው።

በዚህ ጊዜ ቦንቱ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ገባች። ለሽማግሌ ውሃ ማፍሰስ ወግ ነው፤ መናገር ግን ወጉ አይደለም። በመጀመሪያ ለእኔ አፈሰሰችና የኦቦ ቶለራን እጅጌ እስከ ክርኔ ሰብስባ ያዘችልኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣

«አባ፣ ልናገር?» አለች።

«ቦንቱ!» አሉ እናቷ።

«አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ እኮ፣ ሃዳ ኮ።» እናቴ ማለት ነው። ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠች። «ሁለት ሳምንት ብቻውን ቢያርፍ ስልኩ ያርፋል እንዴ? ሌሎቹ ቢሮ ናቸው። ይደውላሉ። እሱ ደግሞ ያነሳል፤ አውቀዋለሁ። እኔ መምህርት ነኝ። የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ ትምህርት ቤታችን ይዘጋል። ዳይሬክተሩም ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ማንም አይደውልልኝም። ስለሚያዝኑልኝ አይደለም፤ የሚደውል ሰው ስለሌለ ነው።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?» አሉ ኦቦ ዲንሳ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

«ከእኛ ጋር ይዝጉ። በፋሲካም በገናም በኢድም አያድርጉት፤ ይጣላሉ። የማንም በዓል ባልሆነ ሳምንት፣ ተማሪ ሲያርፍ እነሱም ይረፉ። ለየራሳቸው በዓል ደግሞ ለየብቻ ይጠይቁ። እኔ የእረፍቴን ጊዜ መምረጥ አልችልም፤ እሱ ካልገጠመኝ መቼ ነው የምንገናኘው?»

ለናሆም ደወልንለት፤ ስልኩ ትሪው አጠገብ፣ ድምፁ ለሁሉም። ኦቦ ዲንሳ ራሳቸው በጨዋ አማርኛ አስረዱት።

«አባት፣ እኔ አልጠላሁም» አለ ናሆም። «ግን ሱቆቹስ? አንድ ሳምንት ማን ያስተናግዳቸዋል?»

ኦቦ ኢተፋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ሱቁ ሳሙናውን አስቀድሞ ይግዛ። ሳሙና ይበላሻል እንዴ?»

ከናሆም ኋላ የሜሪ ድምፅ መጣ። «እሺ በል እንጂ! እሺ በል!» ሰሚራም የሆነ ነገር ጨመረች። ሌላም የወንድ ድምፅ ነበር። ሰውየው በራሱ ቢሮ ተከበበ።

«እሺ» አለ ናሆም። «ሁላችንም እንዘጋለን። እኔም ጭምር። ዛሬውኑ ለባለሱቆቹ እናሳውቃለን።»

ኦቦ ዲንሳ ወደ ገመቹ ዞሩ። «ቃሉን ሰምቻለሁ። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ ፈተና ሳልሰጥ አላሳልፍም። የቀረህን ቀን ከአጎትህ ጋር እረፍ። ስልክህና ላፕቶፕህ ከኦቦ ይልማ ጋር አዲስ አበባ ይሂዱ።»

ልጁ ስልኩን ሲሰጠኝ ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም። ሕፃን ነጥቄ የምሄድ ነው የመሰለኝ። ሁለት ጊዜ ዘረጋው፣ ሁለት ጊዜ መለሰው። ቦንቱ ከበሩ ታየዋለች። በሦስተኛው ለቀቀው።

«ስልኩን ለቋል፤ እንግዲህ ልጃችንን ሰጥተናል» አሉ ኦቦ ዲንሳ። ኦቦ ቶለራ ተነሥተው በኦሮምኛ መረቁ፤ ሁላችንም በየምርቃቱ ማብቂያ «አሜን» አልን፣ እኔም ከሁሉ ጮክ ብዬ፣ ከሁሉ ዘግይቼ። ከዚያ ጩምቦ ቀረበ። ወፍራም የጤፍ ቂጣ ነው፤ በቅቤና በእርጎ ይርሳል። የኦቦ ቶለራ እጅጌ ከእጄ ቀድሞ ትሪው ውስጥ ገባ። በአንድ ጉዞ ሁለት ኮት ቅቤ አጠጣሁ ማለት ነው። ባለኮቱ ግን ሳቁ፦ «አሁን ነው የወለጋ ኮት የሆነው።»

ቅዳሜ

በጠዋት ኦቦ ቶለራ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። የአልጋውንም የምግቡንም አልቀበልም አሉ። ታግዬ ተሸነፍኩ። ላዩ ላይ አንቾቴ በማዳበሪያ ጨመሩልኝ። ከአዲስ አበባ ሆቴል ስወጣ የሚጨመርልኝ ቫት ነው።

የገመቹ ስልክ ሲሬ ላይ ጮኸ። ሜሪ ነበረች። «ጋሼ! ሲስተም የለም! ገመቹን ያገናኙኝ!»

«እረፍት ላይ ነው።»

«ጋሼ ይሙቱ፣ ባለሱቆቹ እየጮሁ ነው!»

በሕይወቴ ኮምፒውተር አስነስቼ አላውቅም፤ የሰማሁትን ግን እደግማለሁ። «አጥፍተሽ አብሪው» አልኩ።

ባኮ ላይ ደወለች፤ ሲስተሙ አልነሣም ብሏል። ጌዶ ላይ ናሆም ደወለ፤ የሆነ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ እንኳን የሰው የራሴንም አላውቅ አልኩት። ጉደር ላይ ሰሚራ ደወለች። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው «ትልቅ ነጋዴ ነዎት መሰለኝ» አለኝ፤ አላስተባበልኩም። አምቦ ምሳ ስበላ ሜሪ መልሳ ደወለች፣ ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። ሦስቱ ተሰብስበው፣ ተጣልተው፣ የገመቹን ሥራ እየፈለጉ እያነበቡ ጠግነውታል። «አብርተነዋል ጋሼ!» አለች፣ የወለደች ያህል።

ጊንጪን እንዳለፍን እንደገና ጮኸ። የቦንቱ ስም ወጣ። ልጁን ሸኝታው ይሆናል፣ ደህና ደርሼ እንደሆነ ልትጠይቅ ይሆናል ብዬ አነሣሁት። ገመቹ ነበር። ከአጎቱ ጋር ቢላ ሄዷል ያልኩት ሰው ገና ጉቴ ነው፤ የእጮኛውን ስልክ ለምኖ የራሱን ስልክ ይደውላል።

«ጋሼ፣ ደህና እየተጓዙ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«ጥሩ፣ ጥሩ።» አለኝ። «ጋሼ ... ማንም አልደወለም?»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁና አየሁት። ያልተነሡት ጥሪዎች ብቻ አንድ ገጽ ሞልተዋል።

«ማንም» አልኩት።

ከጎኑ የቦንቱ ድምፅ ተሰማኝ፦ «ምን አሉህ? ምን አሉህ?»

«ማንም አልደወለም ይላሉ» አላት። ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።